የጋሽ ባሳ ሰላምታ

ስልኩ ሲጠራ ሀዋሳ ነበርኩ፤ ዕቃ ከምረከብበት የጅምላ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ስኳር እያስጫንኩ። የደወለው ከጉኑኖ ወንድሜ ማርቆስ ነው። ማርቆስ በሥራ ሰዓት ስልክ የሚደውል ሰው አይደለም። "ታደለች" ብሎ ጠራኝ። ከዚያ ጋሽ ባሳ ጠዋት እዚያው ጉኑኖ እህታቸው ቤት እንደተኙ ማረፋቸውን ነገረኝ። ሰሞኑን አመም ስላደረጋቸው እህታቸው ጋር ከርመው ሊመለሱ ሄደው ነበር፤ እኔው ራሴ ነኝ መናኸሪያ ድረስ ወስጄ ሚኒባስ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው። "ቀስ ብለሽ ነይ" አለኝ ማርቆስ። "እስክትመጪ አስከሬናቸው ከቤት አይወጣም። ቄሶቹንም ነግሬያለሁ።"

የስኳሩ ኬሻ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጫኞቹ ዕቃ የጠፋኝ መስሏቸው ዙሪያውን መፈለግ ጀመሩ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ሞቱ አልነበረም። "እስክትመጪ" ያላት ቃል ናት። ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ሰውየውን እወቁልኝ።

ጋሽ ባሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሶዶ ውስጥ ከእኔ ሱቅ ጎን ያለችው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፣ የተበላሸ ዚፕ ይቀይራሉ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው አርባ ምንጭ አግብታ ትኖራለች። ስለዚህ ጎረቤታቸውም፣ ቡና አጣጫቸውም፣ ጨቅጫቂያቸውም እኔ ነበርኩ።

እኛ አገር ሰው ይከባበራል፤ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ብድግ የማይል የለም። የጋሽ ባሳ ሰላምታ ግን ሌላ ነበር። ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ከወገባቸው እጥፍ ይላሉ። እጥፍ ስል የምሬን ነው፤ ግንባራቸው ከጉልበታቸው ሊገናኝ ምንም አይቀረውም። እዚያው እንደታጠፉ "ሳሮ፣ ሳሮ" ይላሉ፤ በወላይትኛ ሰላም፣ ሰላም እንደማለት ነው። ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ናቸው። ለሸንኮራ ሻጯም እንዲሁ። መንገድ ዳር ብቻዋን እያወራች ለምትውለው ሴትዮም እንዲሁ። ለአንደኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ ያሉ ጊዜ ደግሞ ልጁ ደንግጦ አጸፋውን ሲመልስ ደብተሩ ሁሉ ከቦርሳው በአናቱ በኩል ይዘረገፍ ነበር።

እኔ አፌ ቶሎ ነው። "ኧረ ጋሽ ባሳ፣ ይህችን ወገብ ለእርጅና እንኳ አያስቀምጧትም?" ስላቸው፣ "ወገብ ሲቀመጥ ይዝጋል" ይሉኛል። አማርኛን የተማሩት ገበያ ውስጥ ስለሆነ አንዳንዴ "ታደለች፣ መጣህ?" ይላሉ። "መጣሁ፣ ጢሜንም ተላጭቼ ነው የመጣሁት" እላቸዋለሁ። እስኪያስላቸው ይስቃሉ፤ ነገም ያው "መጣህ?" ነው።

አንድ ቀን ግን የምሬን ጠየቅኳቸው። አንድ አፈ ጮሌ ደላላ፣ ያውም ያጭበረበራቸው ሰውዬ፣ ሲያልፍ ጎንበስ ሲሉለት ደሜ ፈላ። "ለዚህም?" አልኩ። መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ እንዳለች አቆሟት። እናታቸው ሸክላ ሠሪ እንደነበረች ያኔ ነገሩኝ። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ እንዴት ይታይ እንደነበር የአገሬ ሰው ያውቃል። ማሰሮዋን ይገዛታል፣ እጇን ግን አይጨብጣትም፤ ቤቱም አያስገባትም። "ገበያ አብሬያት እሄድ ነበር" አሉ። "ሰው መጥቶ ማሰሮውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። እናቴን ሰላም ያለ የለም። ማታ ስትመለስ ዛሬም ማንም አላየኝም ትላለች።" ከዚያ መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጎንበስ ማለታቸው ቀልጄ አላውቅም። ቀልጄ አላውቅም ስል፣ ቀንሻለሁ ማለቴ ነው።

ሕመማቸው የታወቀውም በዚሁ ሰላምታ ነው። ሰፈሩ ማማት ጀመረ፤ ጋሽ ባሳ ኮሩ አሉ። ሸንኮራ ሻጯ "አጠገቤ አልፈው ዝም አሉኝ" ብላ ሱቄ ድረስ መጥታ ከሰሰች። የባንኩ ጥበቃም እንደዚያው። እኔ ተቆጣሁ። ጋሽ ባሳ ሰው አይተው ሰላም ሳይሉ ካለፉ አላዩም ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር ሊኖር አይችልም። ቀስ ብዬ ወጥቼ ከጎናቸው ቆምኩና እጄን አወዛወዝኩ። ምንም። መኪናቸውን ይረግጣሉ። ፊት ለፊታቸው ስመጣ ብቻ "ታደለች፣ መጣህ?" አሉኝ። 

ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ግላኮማ ነው ተባለ። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ከርሟል፤ እሳቸው ግን አላወቁም። ቀኙ ከጎንና ከጎኑ ተበልቶ መሐሉ ብቻ ቀርቷል። የዓይን ሐኪሙ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ ልጅ። ዓይን ውስጥ ውሃ እንዳለ፣ መውጫው ሲዘጋ ግፊቱ እየጨመረ የማየት ነርቩን እንደሚገድል ነገረን። የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል አለ። ለወራት ጠብታ ጨመርን። በየቀጠሮው "ግፊቱ አልወረደም" ይባላል። በመጨረሻ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ከላይኛው የዓይን ቆባቸው ሥር ለውሃው ትንሽ መውጫ በር ተከፈተ። ልጃቸው ከአርባ ምንጭ መጥታ አስታመመች፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ስለነበራት ብዙ መቆየት አልቻለችም። ጠብታዎቹን ለእኔ አስረክባ ሄደች።

እና የመጀመሪያው ቀጠሮ ደረሰ። ዶክተሩ በመሣሪያው ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ "ግፊቱ በጣም ወርዷል" አለ።

እልልታዬን ለቀቅኩት። ወራት ሙሉ አልወረደም ሲባል የከረምኩ ሰው ምን ላድርግ? ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሕመምተኞች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡልኝ፤ አንዷም በሩን ከፍታ "እንኳን ደስ አላችሁ" አለችን። ዶክተሩ እጁን አንስቶ ጠበቀኝ። "እትዬ፣ መውረድ ካለበት በታች ነው የወረደው" አለኝ። "ይሄ አያስደስትም።"

 ሲወጣ መጥፎ፣ ሲወርድ መጥፎ፣ ይሄ ግፊት የሚሉት ነገር እንደ አማት ምን ቢያደርጉለት ነው የሚደሰተው? ልጁ በትዕግሥት አስረዳኝ። ዓይን ቅርፁን ይዞ የሚቆመው በውስጡ ባለው ውሃ ነው። አሁን በተከፈተው በር ውሃው ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ዓይኑ ለስልሷል። ኳስ አየሩ ሲጎድል እንደሚጨማደደው ከጀርባ ያለው የሚያየው ክፍል ሊጨማደድ ይችላል። ከዚያም ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት አየ፤ ውሃው ወደ ውጭ እንደማያፈስ አረጋገጠ። አንዱን ጠብታ ቀነሰ፣ ብሌን የሚያሰፋ ሌላ ጨመረ። ሲተኙ የሚሸፈን ፕላስቲክ ሰጠን። ብዙ ጊዜ በራሱ ቀስ እያለ ይስተካከላል፣ እስከዚያ ግን ጥንቃቄ ነው አለ። ዓይን ማሸት የለም። ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ሽንት ቤት ማማጥ የለም፤ ሆድ እንዳይደርቅ ይመገቡ። ከሁሉም በላይ ጎንበስ ማለት የለም። ዓይኑ እንዲህ ለስልሶ ሳለ ጭንቅላት ወደ ታች ሲደፋ ከጀርባ ያለ ደም ሥር ሊደማ ይችላል፤ ያኔ ያለችዋ አንድ ዓይን ትሄዳለች።

"ጎንበስ የማለት ነገር አለባቸው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ዶክተር" አልኩት፣ "እሳቸው ቀና የሚሉት ሲተኙ ብቻ ነው።"

ልጁ ሳቀ። ይሄን ጊዜ ጋሽ ባሳ ስለተደረገላቸው ሁሉ ሊያመሰግኑ ብድግ ብለው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መታጠፍ ጀመሩ። "ቀና!" ብዬ ጮህኩ። ዶክተሩ ዘሎ ግንባራቸውን በመዳፉ ያዘ። ሽማግሌውና ሐኪሙ እንዲያ ተያይዘው ቆመው ሳያቸው ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ "ቀና!" ማለት ሆነ። ሱቄ ውስጥ ዘይት እየቀዳሁ ዓይኔ በረንዳው ላይ ነው። ሰው ሲመጣ አያለሁ፣ ቆባቸው ሲነሳ አያለሁ፣ "ቀና ይበሉ ጋሽ ባሳ!" እላለሁ። ሰፈሩ ለመደው። ሸንኮራ ሻጯ ከወዲያ ማዶ "ቀና!" ትላለች። ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገና ከሩቅ "ቀና! ቀና!" እያሉ ይመጣሉ። የወደቀ መቀስ የሚያነሳላቸው ሰው አይጠፋም። እኔ ጎመኑን፣ ቦይና የምንለውን ጎደሬ፣ የተልባውን ውሃ እያቀረብኩ ሆዳቸው ለስልሶ እንደሆነ በየጠዋቱ እጠይቃለሁ። እሳቸው በሀፍረት ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ "ደኅና ነው" ይላሉ። ትልቅ ሰው ይህን ሲጠየቅ ነውር ነው፤ ግን ምን ይደረግ።

ቤተ ክርስቲያን መስገድ አይችሉም። እንደሚያዝኑ ገምቼ የንስሐ አባታቸው ምን እንዳሏቸው ጠየቅኳቸው። ቆመህ ጸልይ ብለዋቸዋል። "እሱስ አያስጨንቀኝም" አሉኝ። "ሐኪሙ ያለኝን እግዜር ሰምቷል። ሰው ግን አልሰማም።"

ለካ የሚያስጨንቃቸው መንገደኛው ነው። ከገጠር መጥቶ የሚያልፈው፣ ስለ ዓይናቸው የማያውቀው፣ ሰላም ሳይሉት አልፎ "አላየኝም" ብሎ ቤቱ የሚገባው። አንጀቴን በሉት። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ዘዴ ይዘው መጡ። ራሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ቀኝ እጃቸውን በደረታቸው ልክ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ቀስ ብለው እስከ ጭናቸው ዝቅ ያደርጉታል። "እኔን ወክሎ እሱ ይጎንበስ" አሉ። እጃቸው ሲወርድ ጣቶቻቸው እንኳ አንገታቸውን የደፉ ይመስላሉ። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በእጁ መጎንበስ ጀመረ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከመኪናው መስኮት እጁን አውጥቶ ዝቅ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ግፊቱ ከፍ አላለም። ዶክተሩ ፊቱን ቋጠር አደረገ። የጊፋታ በዓል እስኪያልፍ እንጠብቅ፣ ያኔም ካልተነሳ መውጫውን በስፌት አጠብበዋለሁ አለ። ጥንቃቄውን ደግሞ ደጋግሞ ነገረን፤ ዓይኑ ከበፊቱም የሳሳ ነው፣ አንዴ መደፋት ይበቃዋል። እኔን ለይቶ "አደራ" አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ማርቆስ ልናገር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ? እኔ እሳት ነኝ፣ እሱ ውሃ። እናታችን ጉኑኖ ስታርፍ እኔ ለንግድ ሀዋሳ ነበርኩ። ስልክ አልያዘልኝም፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፣ ቄሶቹ ቸኮሉ፣ ዘመድ "ሬሳ አይከርምም" አለ፤ ማርቆስ እሺ ብሎ ቀበራት። እኔ ስደርስ አፈሩ ላይ ዝናብ እየዘነበበት ነበር። ፊቷን ሳላይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወንድሜ ጋር ቃል አልተለዋወጥኩም። ሽማግሌ ላከ፤ መለስኩ። ሚስቱ መጣች፤ ቡና አጠጥቼ መለስኳት። ጥፋቱ የእሱ ነው እል ነበር፤ ዛሬም እላለሁ። እናት ሁለት ጊዜ አትቀበርም።

ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ቂም ተይዞ አይገባበትም። የተጣላ ካልታረቀ ከበሬው ሥጋ አብሮ አይበላም። ያን ሳምንት ሱቄ ሰው ላይ ሰው ነው፤ ደክሞኝ ቤቴ ገብቼ ሙቿ ለሚባለው የበዓል ምግብ ቅቤ ሳነጥር ጋሽ ባሳ በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ማርቆስ።

ፊቴ ጠቆረ። "እርስዎ ይግቡ" አልኩ፣ "እርስዎ" የምትለዋን ጫን አድርጌ። እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው የማርቆስን እጅ ይዘው ገቡ። ተቀመጡ። እኔ አልተቀመጥኩም።

ጋሽ ባሳ ስለ ጠባችን ምንም አላሉም። ስለ እናታቸው ማውራት ጀመሩ። ጉኑኖ ገበያ ላይ ማሰሮ ዘርግታ ሳለ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። ሰው ሁሉ በየቤቱ ገባ፤ እናታቸውን ግቢ ያለ የለም። እሳቸው ሕፃን ናቸው፣ ቀሚሷ ሥር ተደብቀዋል። ከአንዱ ቤት አንዲት ሙሽራ ወጣች። እናታቸውን እጇን ይዛ፣ አዎ እጇን ይዛ፣ አስገብታ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት። የሙሽራዋ አማት ጮኸች፣ ተሳደበች። ሙሽራዋ እሳቱን ቆሰቆሰች። "እናቴ እስክትሞት ያቺን ልጅ ስትመርቅ ኖረች" አሉ። "ልጅቷ እናታችሁ ናት።"

እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ማርቆስም አልሰማም፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እናታችን የሠራችውን የምታወራ ሴት አልነበረችም።  ግን እልኸኛ ነኝ። "እሷኑ ነው ሳልቀብር የቀረሁት" አልኩ። "የሚጠብቀኝ አጥቼ።"

ማርቆስ ዝናቡን፣ ስልኩን፣ ቄሶቹን ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠራም። "መጠበቅ ነበረብኝ" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "አሁን ምን ያደርግልኛል?" አልኩት። በዚያ ሁሉ ዘመን ለወንድሜ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

ጋሽ ባሳ ተነሡ። ቆባቸውን አወለቁ።

ያን አወላለቅ አውቀዋለሁ። "ቀና ይበሉ!" ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም። ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ወገባቸው ታጠፈ፣ እግሬ ላይ ሊወድቁ ነው። ድሮ ሰው ሲያስታርቁ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ሽማግሌ እግሩ ሥር ወድቆ እያየ እምቢ የሚል የለም። ዘልዬ በአንድ ብብታቸው ሥር ያዝኳቸው። በሌላው በኩል ማርቆስ ደርሷል። ከባድ ናቸው፤ ክብደታቸውን ሁሉ ወደ ታች ለቀዋል።

"ጋሽ ባሳ፣ ዓይንዎ!"

"አውቃለሁ። እሺ በይኝ፣ አልወርድም።"

ያቺ አንድ ዓይናቸው፣ ጠብታው ብሌኗን አስፍቶት፣ ከታች ወደ ላይ ታየኛለች። የዶክተሩ "አደራ" ጆሮዬ ላይ ነው። ከጀርባቸው የማርቆስ እጅ እጄን ነክቶታል፤ ሁለታችንም አለቀቅንም። እጁ የእናቴ እጅ ነው፤ ሰፊ፣ ሻካራ። ረስቼው ነበር።

"እሺ" አልኩ።

"ይቅር ለእግዜር በይ።"

"ይቅር ለእግዜር።"

"አንተም በል" አሉት ማርቆስን። አለ። "እንግዲህ ቀና አድርጉኝ" አሉ፤ "ወገቤ ደከመ።"

ቀና አደረግናቸው። ወንበር ላይ አስቀመጥናቸውና እኔ እየተሳደብኩም እያለቀስኩም ዓይናቸውን አየሁ፤ ያዩኛል፣ ደኅና ናቸው። ቅቤዬ አሯል። ቤቱ በጭስ ተሞልቶ ሦስታችንም በሳል ልንሞት ነበር። ሳል ደግሞ ለዓይኑ ጥሩ አይደለም ብዬ እጃቸውን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋቸው።

ከጊፋታ በኋላ ግፊቱ ሲለካ አልተነሳም፤ ዶክተሩ እንዳለው መውጫውን በስፌት አጠበበው። ጋሽ ባሳ ስለ ክሩ ጠይቀውት ነበር። ከፀጉር የቀጠነ ነው ሲላቸው ተደነቁ። ልጁ በመጀመሪያው ጊዜ ልኩ ላይ ስላልመጣ ቅር ብሎት ኖሮ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ "እኔም ሰፋኝ ሲሉኝ አጠባለሁ፣ ጠበበኝ ሲሉኝ እለቃለሁ" አሉት። "ገና በመጀመሪያው ቀን ልክ ነው ያለኝ ደንበኛ የለም።" ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ።

ግፊቱ ቀስ እያለ ተነሳ፤ በመጨረሻ ልኩ ላይ ቆመ። ያኔ ግን እልል አላልኩም፤ መጀመሪያ "ይሄኛው ደስ ይላል?" ብዬ ጠየቅኩ። ለጥቂት ወራት ቀጥ ያለው መስመር ጠመም ብሎ ይታያቸው ነበር። የሰፉትን ይዘው ይመጡና "ዓይኔ ስፌቴን እያማ ነው፣ እስቲ አንቺ እዪው" ይሉኛል። በጣቴ ተከትዬ አየዋለሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። ኋላ እሱም ተሻላቸው። ዶክተሩ ትንሽ ትንሽ መጎንበስ ቢፈቅድላቸውም የእጃቸውን ሰላምታ አልተዉም። ያቺን የቀረች እይታቸውን ይዘው ዩኒፎርም ሲሰፉ፣ ሰው ፊት ለፊታቸው ሲመጣ እጃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ኖሩ።

አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ያን የጊፋታ ቀን አነሳሁባቸው። ሲያስፈራሩኝ ነበር እንጂ የምር ሊወርዱ አልነበረም፣ እውነቱን ይንገሩኝ አልኳቸው። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

"ልወርድ ነበር" አሉ። "ዓይኔ አንድ ነው። እናንተ ሁለት ናችሁ።"

ተነሥቼ ቡናቸውን ቀዳሁላቸው። 

ከሀዋሳ ጉኑኖ ስደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ማርቆስ ከአስፋልቱ መገንጠያ ላይ ብቻውን ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ታስቦ እንደነበር፣ ዘመድ "ይመሻል" እያለ እንዳጉረመረመ፣ ቄሶቹም ሁለት ጊዜ እንደተነሡና እሱ በሩ ላይ ቆሞ "እህቴ ሳትመጣ አይሆንም" ብሎ እንደመለሳቸው የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። እሱ "ደረስሽ?" ብቻ አለኝና ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ከግቢው አጥር ጀምሮ ለቀስተኛው ቆሟል። ከሶዶ የመጣው የሰፈራችን ሰው ሲያየኝ እጁን በደረቱ ልክ ዘርግቶ ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገ። ሸንኮራ ሻጯም። የባንኩ ጥበቃም። 

ገባሁ። የጋሽ ባሳ ፊት ገና አልተሸፈነም፤ እኔ እስካየው ነው የተቆየው። ቆባቸው ደረታቸው ላይ ናት። እኔ ታደለች፣ ለማንም ወገቤን አጥፌ የማላውቅ ሴት፣ ጎንበስ አልኩላቸው። ግንባሬ ጉልበቴ እስኪደርስ፣ ከዚያም አልፌ መሬቱ እስኪነካኝ። "ሳሮ ጋሽ ባሳ፣ ሳሮ" አልኩ። ቀና በይ የሚለኝ አልነበረም። ብዙ ቆይቼ በብብቴ ሥር አንድ ሰፊ፣ ሻካራ እጅ ገባና ያዘኝ።